ከመደርደሪያው ወደ አንባቢው፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ታሪክ በኢትዮጵያ

በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



ስለ ቤተ መጻሕፍት ለመነጋገር በዛፎች መካከል መሰብሰባችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ምክንያቱን ላስረዳ። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር ስፋት ያለው ተቋም ነው። እዚህ አገር በቀል ዛፍ ሲተከል የአገር ሀብት ተጠበቀ እንላለን፤ ትክክልም ነው። ይሁን እንጂ ጎብኚው የዛፉን ስም፣ የበቀለበትን አገርና ጥቅሙን የሚነግረው ካላገኘ፣ ለእርሱ ማዕከሉ ከታጠረ ደን የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው። መጠበቅ አንድ ሥራ ነው፤ ማገልገል ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱ የተሟሉለት ተቋም ሕያው ይሆናል፤ አንዱ የጎደለበት ግን ወይ መጋዘን ይሆናል፣ ወይ ባዶ አዳራሽ።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ይህንኑ ልዩነት የተመረኮዘ ነው። የአገራችንን ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ስንጽፍ እስካሁን በአመዛኙ የክምችት ታሪክ ጽፈናል፦ ስንት መጽሐፍ ነበረ፣ ማን ሰበሰበው፣ ማን ዘረፈው፣ በየትኛው ሕንፃ ተቀመጠ። የአገልግሎቱ ታሪክ ግን ገና በወጉ አልተጻፈም። መጽሐፉን ማን ተዋሰው? ቁልፉ በማን እጅ ነበረ? አንባቢው ባይመጣ ማን ሄደለት? የእኔ መከራከሪያ፣ በተለይ የትንንሽ ከተሞች ቤተ መጻሕፍት ለምን እንደሚከፈቱና ለምን እንደሚዘጉ የምንረዳው በእነዚህ ጥያቄዎች በኩል ነው የሚል ነው።

ከጥንቱ ልጀምር። በገዳማቶቻችን መጽሐፍ የሚቀመጠው ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር በዕቃ ቤት ነበር። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያበረከቷቸው መጻሕፍት ዝርዝር በራሱ በወንጌሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፍ የሰረቀ፣ የፋቀ ወይም ያለ ፈቃድ ያወጣ የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝዘው ግዝትም በብዙ ብራናዎች ላይ እናነበዋለን። ከዚህ ተነሥተው የቀድሞው ሥርዓት መጽሐፍን ከአንባቢ የሚሸሽግ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ብራና ለማዘጋጀት የብዙ በጎች ወይም ፍየሎች ቆዳና የጸሐፊ የወራት ድካም ይጠይቅ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሀብት በግዝት መጠበቅ አስተዋይነት ነው። አገልግሎቱም አልጠፋም፤ መልኩ ግን ሌላ ነበር። የአብነት ተማሪው ስንቁን ቋጥሮ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገር አገር የሚዞረው መምህርና መጽሐፍ ፍለጋ ነው። መጽሐፉ ከዕቃ ቤት ወጥቶ በጉባኤ ይነበባል፣ ይተረጎማል፣ ይገለበጣል። በዘመኑ ሥርዓት መጽሐፉ ባለበት ይቆያል፣ ተጓዡ አንባቢው ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ምዕራፍ መቅደላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ሊያሠሩት ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ በአብዛኛው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በግምት አንድ ሺህ ብራናዎችን ሰበሰቡ። አያያዙን ስናየው በአንድ ማዕከል የተደራጀ ትልቅ ክምችት ለመመሥረት የተደረገ ጥረት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ቀን ለዘረፋ ተጋለጠ። ብራናዎቹ በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ተጓዙ፤ 350 ያህሉ በለንደን ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከሙዚየሙ የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር አብሮ ዘምቶ እንደነበር ስናስታውስ፣ ለመጽሐፍ የተዘጋጀ ሰው ያለው የዘራፊው ወገን እንደነበር እንገነዘባለን። የዘረፋው ኃላፊነት የዘራፊው ነው፤ ይህ አያከራክርም። ለቤተ መጻሕፍት ታሪክ ግን ሌላም ትምህርት አለው። በየደብሩ ተበትኖ የኖረ ሀብት እሳት ቢነሣ እንኳን ሁሉም አይቃጠልም፤ በአንድ አምባ የተከማቸ ግን በአንድ ጀምበር ይጠፋል።

ሦስተኛው ምዕራፍ ብዙዎች ከቤተ መጻሕፍት ታሪክ የማይቆጥሩት ነው፤ እኔ ግን የዘመናዊው አገልግሎት መነሻ አድርጌ እወስደዋለሁ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት የሚቈጥር ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በግእዝና በአማርኛ የተጻፉትን የያዘ የተስፋፋ ካታሎግ አወጡ። ኅሩይ በእነዚህ ሥራዎች ሕንፃ አልሠሩም፣ መደርደሪያም አላቆሙም። የሠሩት ግን አንድ አንባቢ በአገሩ ምን መጽሐፍ እንዳለ በሩቅ ሆኖ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። በገዳም ሥርዓት ይህን የሚያውቀው መምህሩ ነበረ፤ በታተመ ዝርዝር ግን ማንም ፊደል የቈጠረ ያውቀዋል። በዚሁ ዘመን፣ በ1914 ዓ.ም.፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት መቋቋሙ ደግሞ መጽሐፍ በቁጥር በዝቶ ከአንድ ሥፍራ ወደ ብዙ ሥፍራ እንዲጓዝ በር ከፈተ።

ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ ዛሬ ሁላችንም ወመዘክር እያልን የምንጠራው ቤተ መጻሕፍትና መዘክር ተቋቋመ። አጠራራችን ራሱ ይገርመኛል፤ ከረዥሙ ስም ሕዝቡ መርጦ ያስቀረው ቃል መታሰቢያን፣ መዝገብን የሚያመለክተውን ነው። ተቋሙ የአገርን ትውስታ የመጠበቅና ሕዝብን የማስነበብ ሁለት ተግባር በአንድ ትከሻ ተሸከመ። ሁለቱም የከበሩ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ በጀት፣ አንድ ሕንፃና ጥቂት ባለሙያዎች ሁለቱን እኩል ማገልገል ይቸግራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት፣ ኋላም በስድስት ኪሎ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ የምሁሩ ማኅበረሰብ የሚገባውን አገኘ። በፒያሳ የነበረው የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍትም ለብዙ የአዲስ አበባ ወጣት የመጀመሪያው የውሰት መጽሐፍ የተገኘበት በር ነበረ። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ከተማ፣ ያውም በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ክልል ውስጥ የሆነ ነው። ለደብረ ታቦር፣ ለነቀምቴ ወይም ለአርባ ምንጭ ነዋሪ፣ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውጭ ምን ቀረበለት ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ የሚያገኘው መልስ አጭር ነው።

ይህን ሁኔታ በስፋት ለመለወጥ የሞከረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሂደት በ15 ቋንቋዎች ሕዝብን አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተሰጠው። የዘመቻው አዘጋጆች አንድ ነገር በሚገባ ተረድተው ነበር፦ ፊደል የቈጠረ ጎልማሳ የሚያነበው ካጣ ተመልሶ ማይም ይሆናል። ስለዚህ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ንባብ ቤቶች እንዲከፈቱ ተደረገ። በአገራችን ታሪክ መጽሐፍ ወደ ገጠርና ወደ ትናንሽ ከተሞች በዚያ ስፋት የተጓዘበት ዘመን ከዚያ በፊት አልነበረም። ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኋችሁ ነጥብ እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ አንባቢው ሳይሆን መጽሐፉ መንገድ ጀመረ።

እኔም የዚያ ዘመን ልጅ ነኝ። ባደግሁባት ትንሽ ከተማ የነበረው ንባብ ቤት አንድ ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ቁም ሣጥን ነበረው። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የግብርና፣ የጤና አጠባበቅና የፖለቲካ ጽሑፎች ነበሩ፤ ጥቂት ልብ ወለዶችም ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ በመካከላቸው ተሰውረው ይገኙ ነበር። እነዚያ ልብ ወለዶች ሽፋናቸው ተገንጥሎ፣ ገጻቸው በሙጫ ተጠግኖ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ፣ የፖለቲካዎቹ አዲስ እንደሆኑ ይኖሩ ነበር። አንባቢው ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ጥናት አያስፈልግም ነበር፤ ግን የመጽሐፎቹን መቆሸሽ እንደ ጥፋት እንጂ እንደ ማስረጃ ያየ ሰው አልነበረም። በኋላ ቁልፉን የያዘው ሰው ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ። ክፍሉ በመጀመሪያ የስብሰባ፣ ቀጥሎ የማዳበሪያ ማስቀመጫ ሆነ።

ይህ የአንዲት ከተማ ወግ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሣሁት። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ ብዙዎቹ ንባብ ቤቶች አብረው ከሰሙ። ለምን? የተለመደው መልስ ለፖለቲካ የተቋቋመ ነገር በፖለቲካ ይወድቃል የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው፤ ግን አይበቃም። ሦስት የአገልግሎት ጉድለቶችን ልጥቀስ። አንደኛ፣ ንባብ ቤቱ ሲከፈት የተሰጠው የመጽሐፍ ስጦታ እንጂ በየዓመቱ መጽሐፍ የሚገዛበት ቋሚ በጀት አልነበረውም፤ ስለዚህ ታታሪ አንባቢ በጥቂት ወራት አንብቦ ይጨርሰዋል። ሁለተኛ፣ የሚያስተናግደው ሰው በሌላ ሥራ ላይ የተደረበ እንጂ መደቡና ደመወዙ የቤተ መጻሕፍት የሆነ ባለሙያ አልነበረም። ሦስተኛ፣ የመጽሐፉ ምርጫ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ እንጂ ከአንባቢው የሚነሣ አልነበረም። እነዚህ ሦስቱ ጉድለቶች የአንድ ርዕዮተ ዓለም ብቻ አይደሉም፤ ማንኛውም መንግሥት፣ ማንኛውም ለጋሽ ሊደግማቸው ይችላል።

ቀጣዩ ምሳሌዬ ከዚህ በተቃራኒ በኩል የተነሣ ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ፣ በመደርደሪያው ላይ ለኢትዮጵያ ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ አለመኖሩን አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከደራሲት ጄን ከርትዝ ጋር ሆነው ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በአዋሳ፣ በዛሬዋ ሐዋሳ፣ መጽሐፍ የጫነ የአህያ ጋሪ በየሰፈሩ መዞር ጀመረ። እንግዲህ በመቅደላ መጽሐፍ የጫነው ዝሆን ከአገር ሲያወጣ፣ በሐዋሳ መጽሐፍ የጫነችው አህያ ወደ ልጆች አደረሰች።

ይህ ዘዴ የአገራችን ብቻ አይደለም። በደቡብ ሕንድ የቤተ መጻሕፍት ሊቅ የሆኑት ራንጋናታን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጽሐፍ በበሬ ጋሪ ወደ ገጠር የሚጓዝበትን አሠራር ደግፈዋል፤ የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎትም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በጋሪሳ አካባቢ መጽሐፍ በግመል ይልካል። ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተሙት ሥራቸው የቤተ መጻሕፍትን ሕግጋት በአምስት ሲያጠቃልሉ፣ መጽሐፍ ለአገልግሎት የተዘጋጀ ነገር መሆኑን ቀዳሚው አድርገው ማስቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐዋሳ ከጋሪው ይልቅ ትልቁ ቁም ነገር ተረት የሚያነብ ሰው፣ የታወቀ ቀንና የታወቀ ቦታ መኖሩ ነው። ይህን ነው ፕሮግራም የምንለው። ልጁ መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን የሚያነብለትን ሰው ይጠብቃል።

ነገር ግን ይህንም ስናሞግስ ሚዛኑን መርሳት የለብንም። በልገሳ የሚቆም አገልግሎት የለጋሹን አቅምና ፍላጎት ይከተላል። ከውጭ በሳጥን የሚመጣው መጽሐፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈና የሌላ አገር ልጅን ሕይወት የሚተርክ ነው። አቶ ዮሐንስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሕፃናት መጽሐፍ ወደ ማሳተም የገቡትም ይህን ክፍተት ስላዩ ነው። ከዚህ የምንወስደው፣ የአገር ውስጥ ኅትመት ያልደገፈው ቤተ መጻሕፍት እግሩ አንድ ብቻ መሆኑን ነው።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ልምጣ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመረቀ። በአንድ ጊዜ እስከ 2,000 ሰው እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራ ነው። ወጣቱ አያነብም የሚለውን የዘወትር ወቀሳ የሚደግም ሰው እዚያ ሄዶ ወንበር የሞላውን ወጣት ቢያይ ይበጀዋል፤ የጠፋው አንባቢ ሳይሆን መቀመጫ፣ መብራትና ጸጥታ እንደነበረ ይረዳል። ስለዚህ ሕንፃውን ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም። የምጠይቀው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ የዋና ከተማው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ለወረዳ ከተማው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ምን ይሆነዋል? ካታሎጉን ያካፍለዋል? ባለሙያውን ያሠለጥንለታል? የተረፈውን ቅጂ ያውሰዋል? ይህ ካልሆነ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ታላቁን ስናቆም ታናናሾቹን እናጣለን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣውና በ1972፣ በ1994 እና በ2022 ባሻሻለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫም የአገልግሎቱ ቦታ አካባቢው፣ ባለመብቱም ያለ ልዩነት ነዋሪው መሆኑ የታወቀ ነው።

አሁን ወደዚህ ስፍራ እመለሳለሁ። የብሔራዊ ሄርባሪየምን ታሪክ የምታውቁ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች በመካከላችን አላችሁ። የደረቀ ቅርንጫፍ በወረቀት ላይ ተጣብቆ፣ የተሰበሰበበት ቦታና ቀን ተጽፎበት ሲቀመጥ፣ ይህ ከብራና ጥበቃ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ድረስ የኢትዮጵያና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከሌሎች ጋር ተባብረው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት የሚዘረዝሩ ተከታታይ ቅጾችን አዘጋጁ። ይህ ደግሞ ከኅሩይ ካታሎግ ጋር ይመሳሰላል፤ በአገር ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ አስቻለ። ሦስተኛው ደረጃ፣ ማለት እውቀቱን ለሕዝብ ማድረስ፣ እንዲህ ያለው ማዕከል ድርሻ ነው። ተማሪው ኮሶን፣ ጽድን፣ ወይራን በስም ሲሰማ ኖሮ እዚህ ሲመጣ ቅጠሉን ይዳስሳል። ክምችት፣ ካታሎግ፣ አገልግሎት፤ ሦስቱ በአንድ ሰንሰለት ሲያያዙ ምን እንደሚመስል ዕፀዋቱ ከመጻሕፍቱ ቀድመው ያሳዩናል።

ከዚህ ተነሥቼ ለትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሦስት ነገር ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ከመጽሐፍ ቁጥር በፊት የባለሙያ መደብ ይቅደም፤ አምስት መቶ መጽሐፍ ከአንድ ትጉህ ባለሙያ ጋር፣ ቁልፉ ከጠፋ አምስት ሺህ መጽሐፍ ይሻላል። ሁለተኛው፣ የማይቋረጥ ሳምንታዊ ፕሮግራም ይኑር፦ የሕፃናት የተረት ሰዓት፣ ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች የምሽት ንባብ፣ ማመልከቻ መጻፍና ቅጽ መሙላት ለሚቸግራቸው ሰዎች ድጋፍ። ሦስተኛው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከአካባቢው ይቀበል እንጂ ለአካባቢው ብቻ አይስጥ። የአንድ ወረዳ አዛውንቶች የሚያውቋቸውን የዕፀዋት ስሞች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአገውኛ ወይም በሌላ ቋንቋቸው የሚመዘግብ ደብተር በቤተ መጻሕፍቱ ቢኖር፣ ያ ደብተር በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የሌለው መጽሐፍ ይሆናል። ሽማግሌው ሲያልፍ ስሙም አብሮ ያልፋልና።

በመጨረሻም ለታሪክ ተማሪዎች የማሳስበው አለኝ። በየከተማው ንባብ ቤቶች የውሰት መዝገቦች ነበሩ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደተዋሰ የሚያሳዩ፣ ጠርዛቸው የተበላ ትልልቅ ደብተሮች ናቸው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በመዘክር ይጠበቃል፤ እነዚህ ግን ለሱቅ መጠቅለያ እየሆኑ ነው። እዚያ ንባብ ቤት ያስተናገዱ፣ ያነበቡ፣ ያነበቡላቸው ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ብዙዎቹ ግን በዕድሜ ገፍተዋል። የአገልግሎት ታሪክ የሚጻፈው ከእነዚህ መዝገቦችና ከእነዚህ ሰዎች ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ሁሉ፣ በዕረፍት ወደ ትውልድ ከተማችሁ ስትመለሱ ንባብ ቤቱ የት ነበር ብላችሁ ጠይቁ፤ መዝገቡን ፈልጉ፤ ቁልፉን ይዞ የነበረውን ሰው አነጋግሩ። ይህ ሥራ አሥር ዓመት ቢቆይ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

 ጥያቄና አስተያየት ያላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።